የማትሸሽ የመንገድ ድመት ለምዳ አይደለም፣ ታማ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ከሠራተኛ ሰፈር ወረድ ብሎ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለችኝ ሴት ነኝ፣ ጋዜጣችሁን ገዝቼም ደንበኛ ረስቶት ሲሄድም አነባለሁ። ስለ ድመት ደብዳቤ ጻፈችልን ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፣ ነገሩ የድመት ብቻ አይደለም የልጆቻችንም ነው።

ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ሱቄ ፊት ለፊት ቦይ ዳር ተሰብስበው አንዷን ዝንጉርጉር ድመት እየዳበሱ በስልክ ይቀርጿታል፣ ለቲክቶክ መሆኑ ነው። ወጥቼ ምንድነው ስላቸው አንደኛው በደስታ "እትዬ እዪያት፣ ለመደችን እኮ!" አለኝ። ድመቷን አውቃታለሁ። ሥጋ ቤቱ ጀርባ የተወለደች፣ የሰው ኮቴ ስትሰማ መኪና ስር እብስ የምትል፣ ሳምባ የሚጥልላት የሥጋ ቤቱ ልጅ እንኳን ዘወር ካላለላት የማትበላ ጉድ ናት። ያን ቀን ግን ኩርምት ብላ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ከጥጉ በኩል እስከ ግማሽ በነጭ ስስ ነገር ተሸፍኗል፣ አገጯ ስር ያለው ጸጉር በልጋግ ርሶ ተጣብቋል፣ ሲዳብሷት ዝም ያለችው ደስ ብሏት ሳይሆን አቅም አጥታ ነው። ልጆቹን ተቆጥቼ አስነሳኋቸውና ሱቅ ውስጥ ባለው የጀሪካን ውሃ በሳሙና አስታጠብኳቸው፣ ከዛ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት።

የእህቴ ልጅ ደብረ ዘይት፣ ቢሾፍቱ ማለቴ ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው የተማረችው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ድመቷ አይደለም፣ "አክስቴ የተነከሰ አለ? የተጫረ አለ? እጁ ላይ ቁስል ያለበት አለ?" ነው ያለችኝ። ልጋጉ ደህና ቆዳ ላይ ብቻ ካረፈ አያሰጋም፣ ቁስል ወይ ዓይን ወይ አፍ ከነካ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው የሚፈራው፣ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል ድመትም ታስተላልፈዋለች። አንደኛው ልጅ ጣቱ ላይ ያልዳነ ልጠት ነበረበት፣ እናቱን አስጠራንና ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች፣ ክትባቱን ጀመረ። ድመቷ በነጋታው ሞታ ተገኘች፣ የጽዳት ሠራተኞች በፌስታል አንስተው ወሰዷት፣ ምን እንደገደላት የመረመረ የለም።

እንግዲህ እኔ የምለው ይሄ ነው። በፊት ትሸሽ የነበረች የመንገድ ድመት ዛሬ ቀርባችኋት ካልሸሸች ለመደችኝ ብላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ፣ መጀመሪያ ታማ እንዳይሆን ብላችሁ እዩዋት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ፣ ልክ ነው፣ ጤነኛ ድመት አመሏን አትረሳም፣ መፍራት ያለባችሁ አመሏን የረሳች ቀን ነው። ድመት እኮ በሽታዋን ትደብቃለች፣ ለአይጥ አዳኝ ብትሆንም ለውሻ ታዳኝ ናት፣ መድከሟ ከታወቀ አለቀላት፣ ስለዚህ እስከምትችለው ድረስ ደህና መስላ ትዞራለች፣ ለእኛ በሽታው ሲታይ ብዙ ጊዜ ቆይቷል ማለት ነው። "ትናንት ደህና ነበረች" የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ ኋላም በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ፣ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ተሰጠው ቤት ሄደ፣ ድመቱ ግን ስንቱ ቀረ፣ ድመት ከሰው ይልቅ ቤቱን ነው የምትለምደው፣ በዛ ላይ በጭነት ቀን ማን ይይዛታል። እነዛ ድመቶች ዛሬ ባልፈረሰው ሰፈር ተበትነው ይኖራሉ፣ የሰው ቤት ያደጉ ናቸው፣ እግር ስር ይታከካሉ፣ ይጮሁባችኋል፣ ይሄ በሽታ አይደለም ርሃብና ናፍቆት ነው። ሥጋ ቤት ጀርባ፣ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ የተወለደችው ግን ሌላ ናት። ዋናው ነገር ድመቷን ከሌላ ድመት ጋር ሳይሆን ከራሷ ከትናንቷ ጋር ማስተያየት ነው። የምትሸሸዋ ቆመች፣ የምትታከከዋ ደግሞ ተደበቀች፣ ሁለቱም አመል መርሳት ነው።

መክሳትም እንደዛው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ 55 ቀን ሙሉ የሚጣል አጥንት የለም፣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ጎኑ ይገባል፣ ይሄን አይቶ ወረርሽኝ ገባ የሚል ሰው አውቃለሁ። ሁሉም አንድ ላይ ከከሳ ጾሙ ነው፣ አንዷ ብቻዋን ከከሳች በሽታ ነው። ፋሲካ አልፎ ሌሎቹ ሞላ ሞላ ሲሉ እሷ አከርካሪዋ ገጥጦ ከቀረ፣ ያውም እየበላች፣ ያውም ቧንቧ ስር ውሃ እየጠጣች የማትጠግብ ከሆነች፣ በተለይ አሮጊት ከሆነች፣ ኩላሊቷ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፣ ምግቡ ጋ ሮጣ ትመጣለች፣ አንዴ ትጎርሳለች፣ ከዛ ጮሃ ትፈነጠራለች፣ አፏን በእጇ ትጠርጋለች፣ ልጋጓ ይወርዳል። ይቺ ምግብ አማርጣ አይደለም፣ ድዷና ጥርሷ ቆስሎ ነው፣ እየተራበች መብላት ያቃታት ናት፣ ሰው ግን "ቅምጥል" ይላታል፣ ሲያናድድ!

አተነፋፈሷን እዩ፣ ይሄ ከሩቅ ሆኖ በስልክ ሰዓት የሚቆጠር ነገር ነው መንካትም አይፈልግም። ተኝታ ሳለ ጎኗ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብላችሁ ቁጠሩ፣ ጤነኛ ድመት በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ትተነፍሳለች፣ ተኝታ ከ40 በላይ ከሆነ ችግር አለ። አፏን ከፍታ የምታለከልክ ድመት ካያችሁማ ቆጠራም አያስፈልግም። ማለክለክ የውሻ ነው፣ ድመት ሲሞቃት ወይ ውሻ አባሯት በጣም ስትሮጥ ለትንሽ ጊዜ ልታለከልክ ትችላለች፣ ጥላ ስር ቁጭ ብላ አንገቷን ዘርግታ፣ ክርኗን ከጎኗ አርቃ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ግን ሳንባዋ ወይ ደረቷ ውስጥ ነገር አለ፣ ወይ ልቧ ነው፣ ወይ መኪና ገጭቷት ነው፣ ሰዓት የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ ግን ሰው የማያውቀው የወንዱን ድመት ሽንት ነገር ነው። ጎረቤቴ ቡና ቤት ያለው ትልቁ ወንድ ድመት አሸዋ ክምር ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይነሳል፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ስሩን ይልሳል፣ ይጮሃል፣ ሰዎቹ "ሆድ ድርቀት ነው ዘይት አጠጡት" ይላሉ። ለእህቴ ልጅ በስልክ ስነግራት ድምጿ ተቀየረ፣ "አሸዋው ረጥቧል?" አለችኝ፣ አልረጠበም። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ቀጭን ነው፣ በደቃቅ ጠጠርና በንፍጥ መሰል ነገር ይዘጋል፣ ከተዘጋ ሽንቱ ወደ ኋላ ኩላሊቱን ይመታል፣ መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልቡን ያቆማል፣ ይሄ ሁሉ በ1 ወይም በ2 ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ያን ድመት ሰው ስለለመደ በካርቶን አድርገው ወሰዱት፣ ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ከፈተለት፣ ዛሬም ቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ይተኛል። የመንገዱን ድመት ግን ማን ሽንቱን ያይለታል፣ ፍርስራሽ ውስጥ ገብቶ ይሞታል በቃ። ስለዚህ ወንድ ድመት ደጋግሞ ተቀምጦ ምንም ሳይወጣው ካያችሁ እስከ ነገ አትበሉ።

ግልገሎቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ፈጣን ነው። የድመት ፓርቮ የሚሉት ቫይረስ አለ፣ ጠዋት ሲላፉ የነበሩ ግልገሎች ማታ አንዱ ይሞታል፣ በነጋታው ሌላው፣ ያስመልሳሉ ያስቀምጣቸዋል፣ አንዳንዱ ምንም ሳያሳይ ይሄዳል። ምልክቱን አንዴ ያየ አይረሳውም፣ ግልገሏ ውሃ ሳህን ላይ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች ግን አትጠጣም፣ ውሃውን ትፈልገዋለች ሆዷ እንቢ ይላታል። ይሄ ቫይረስ ሰው አይይዝም፣ መሬት ላይ ግን እስከ ዓመት ድረስ ይቆያል፣ ግልገል የሞተበት ካርቶን ውስጥ አዝናችሁ ሌላ ግልገል አታስገቡ፣ ካርቶኑን አቃጥሉት፣ ወለሉን 1 እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት። ቁንጫ የወረረው ግልገል ደግሞ አለ፣ ቁንጫ ምን ያመጣል ይባላል፣ ትንሽ ግልገልን ደሟን መጥጦ ይገድላታል፣ ድዷ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ወረቀት ከመሰለ እሱ ነው። ክረምት ላይ የሚበዛው ማስነጠስና የዓይን መግል አብዛኛው የድመት ጉንፋን ነው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ግን አፍንጫዋ ሲዘጋ ምግብ ስለማይሸታት መብላት ታቆማለች፣ ያኔ ሞቅ ያለ የሚሸት ነገር፣ ሳርዲን ወይ የዓሣ ቅቅል ቢሰጣት ትነሳለች። ሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልቀመሰች ግን ጉንፋኑ ቀርቶ ርሃቡ ራሱ በሽታ ይሆናል፣ በተለይ ወፍራም የነበረች ከሆነች ጉበቷ በስብ ይሞላል።

የሚያስደነግጡ መስለው የማያስደነግጡ ነገሮችም አሉ። ወንዶቹ ሲጣሉ ይነካከሳሉ፣ ጉንጩ እንደ ብርቱካን አብጦ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ መግሉ ያስጠላል፣ ሰው ካንሰር ነው ይላል፣ እየበላ እየሄደ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፈንድቶ ይድናል፣ መብላት ካቆመ ነው ነገሩ። ጸጉሯ ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ ጭርት ይሆናል፣ አይገድላትም ግን ልጆች ላይ ይጋባል። ሌሊት እየጮኸች መሬት ላይ የምትንከባለለዋን ደግሞ ሰፈሩ "አበደች" ብሎ በድንጋይ ያባርራታል፣ ኧረ ተዉአት፣ ወንድ ፈልጋ ነው!

እውነተኛው እብደት ሌላ ነው። ያለ ምክንያት ሰው ላይ የምትዘል፣ ድምጿ ተቀይሮ የጎረነነ፣ መዋጥ አቅቷት ልጋጓ የሚዝረበረብ፣ የምትንገዳገድ፣ የኋላ እግሯን የምትጎትት፣ ወይ ደግሞ በተቃራኒው ድንገት ከመጠን በላይ የለመደች። የመጨረሻዋን ነው ሰው የሚሸወድባት። እንዲህ ያለች ድመት ነክሳ ወይ ቧጭራ ከሆነ ሰዓት ይዞ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዛ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ነገ አይደለም። የቤት ድመት ከሆነች ተይዛ 10 ቀን ትታያለች፣ ደህና ከቆየች በነከሰች ጊዜ በሽታው በምራቋ አልነበረም ማለት ነው፣ የመንገዷን ግን 10 ቀን የት አግኝታችሁ ታዩዋታላችሁ፣ ስለዚህ ክትባቱ ሳይጠብቅ ይጀመራል። ጸበል የሚጠጣ ይጠጣ እኔም እጠጣለሁ፣ ክትባቱን ግን እንዳይተው፣ ይሄ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ድመቷ ከሞተችም በዱላ ጭንቅላቷን አታፍርሱት፣ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሏ ነው፣ ጉለሌ ፓስተር በምንለው፣ በኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት።

አሁን ደግሞ የኛን ደግነት ልናገር። ሰው ሲያዝን ቤቱ ያለውን ነው የሚሰጠው፣ ፓራሲታሞል ሰባብሮ በወተት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው! የድመት ጉበት እሱን የሚያስወግድበት መንገድ ደካማ ነው፣ አንድ የ500 ሚሊግራም ኪኒን ትልቅ ድመት ሊገድል ይችላል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አይሆንም። ወተቱም ቢሆን ብዙ ትልልቅ ድመቶች አይፈጩትም፣ ተቅማጥ ይጨምርባታል። በግድ አፏን ከፍቶ ዘይት መጋትማ ወደ ሳንባዋ ነው የሚገባው። የአይጥ መርዝ የበላች ድመት ሲያዩም ወተት ይግቷታል፣ ብዙው ዓይነት መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፣ በልታው ወይም የበላውን አይጥ ደጋግማ በልታ ከ3 እስከ 5 ቀን ደህና ትመስላለች፣ ከዛ ድዷ ይነጣል፣ ከአፍንጫዋ ደም ይታያል፣ ትተኛለች። ሐኪም ጋ ከደረሰች ቫይታሚን ኬ1 የሚባል መድኃኒት አለው፣ ወተት ግን አይደለም። ሱቅ በራፍ ላይ መርዝ የምትበትኑ ጎረቤቶቼም፣ አይጡን የምትበላላችሁን ነው የምትገድሉት።

መያዝ ካለባትም ባዶ እጅ አይሞከርም። የታመመች ብትሆንም የመንገድ ድመት ስትጨነቅ ትነክሳለች፣ የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ነጥብ ነው ከውስጥ ግን ያመረቅዛል፣ እጅ ላይ ከነከሰች በነጋታው ያብጣል አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ወፍራም ፎጣ ወይ ብርድ ልብስ ከላይ ጣል ማድረግ፣ ከነፎጣው ካርቶን ውስጥ ማስገባት፣ ካርቶኑን በስቶ አየር መስጠት፣ ጨለማ ስትሆን ትረጋጋለች። መያዝ ካልተቻለ ደግሞ አለመሞከር ነው፣ ቪዲዮ አንሱና ለሐኪም በቴሌግራም ላኩ፣ አረማመዷንና አተነፋፈሷን ያያል። ለዚህ ለዚህማ ቲክቶከሮቹ ልጆች ይጠቅሙ ነበር።

ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። ይቺ ዝንጉርጉር በሞተች ሰሞን ሌላ አንዲት፣ አፏን ከፍታ የምታለከልክ ድመት በካርቶን ይዤ አንድ ክሊኒክ ብደውል "ባለቤቷ ማነው? ካርድ በማን ስም ይውጣ?" አሉኝ፣ የመንገድ ናት ስላቸው ሰኞ ይምጡ አሉኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አልፈርድም፣ ማን ይከፍላል ነው ጥያቄው፣ ከፍለውም የት ይመልሷታል። ሰኞ ድረስ ግን አልቆየችም። የምትድን እንኳን ባትሆን ሳትሰቃይ የምትሸኝበት መርፌ አለ፣ ያንንም የሚያደርግላት አላገኘሁም።

እናም አዘጋጆች፣ ከናንተ የምፈልገው ይሄን ነው። የከተማውን የእንስሳት ሐኪሞችና የሚመለከታቸውን ጠይቁልኝ፣ ባለቤት የሌላት የታመመች ድመት ያገኘ ሰው የት ይውሰዳት፣ ወጪውን ማን ይችላል፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ስልክ የሚያነሳው ማነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚጠረጠርባትን ድመት መጥቶ የሚወስዳትስ የትኛው ክፍል ነው። መልሱን ካተማችሁልኝ ገጹን ኮፒ አድርጌ እዚህ አካባቢ ላለው ትምህርት ቤትና ሥጋ ቤት ሁሉ በነጻ አከፋፍላለሁ፣ ወረቀቱም ቀለሙም በኔ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ ከአራዳ ክፍለ ከተማ